ከአፏ ያልሰማው ቃል

ሽማግሌው ጁምዓ ለሟቿ ፋቲሓ አድርሶ ሰሌኑ ላይ በወጉ ሳይቀመጥ ዐወድ ክንዱን ያዘው።

«ዐም ጁምዓ፣ በእናንተ ቋንቋ ‹እዚህ ነኝ› እንዴት ነው የሚባለው?»

በር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ተንሾካሾኩ። «እናቱን ከቀበረ ሁለት ቀኑ ነው፤ አንድ እንባ አላወጣም። ወሬ ይጠይቃል» አለች አንዷ።

ለእናቱ ሰዕዲያ የሚለውን ስም ያወጡላት አሶሳ ውስጥ ነው። ቱርኮች ባሪያ ፍለጋ መጥተው መንደሯን አቃጥለው ሲማርኳት ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። አብረዋት የተነዱት በየመንገዱ አለቁ፤ የመንደሯ ቋንቋ እሷ ዘንድ ብቻ ቀረ። ማሽላ ስትፈጭ ለራሷ ታጉረመርመው ነበር። ዐወድ ቁርኣን ቤት ገብቶ መጻፍ ከቻለ ወዲህ ከአፏ የለቀመውን ቃል በዐረብኛ ፊደል ወረቀት ላይ ይጽፍ ጀመር።

«ከማን ጋር ልታወራበት ነው?» ትለው ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ትኩሳቱ ሲበረታባት ሌላውን ቋንቋ ሁሉ ረሳች። ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ በልጅነት ቋንቋዋ ትጣራለች። ዐወድ ውሃን፣ እሳትን፣ ፍየልን ያውቃል። ለሚጣራ ሰው የሚመለሰውን ግን አያውቅም። እጇን ይዞ ዘወትር በሚነጋገሩበት በበርታ ቋንቋ «እዚህ ነኝ» ቢላት እጇን ነጠቀችው። እንደተጣራች ሞተች።

የጁምዓ ቋንቋ ለእሷ ቋንቋ እህት ነው። ጨው ሊገበይ በመጣ ቁጥር እሷ ዘንድ እያረፈ ግማሽ ግማሹን ይግባቡ ነበር።

«እኛ ‹ኦሻሙ› ነው የምንለው» አለ ጁምዓ።

ዐወድ ጎንበስ ብሎ አሰበ። «ውሃን ‹ሻሉ› ትላላችሁ፤ እሷ ‹ኻል› ትል ነበር። እሳት የእናንተ ‹ሺቱ›፣ የእሷ ‹ኺት›። የእናንተ ‹ሽ› እሷ ጋ ‹ኽ› ይሆናል፤ መጨረሻውም ይወድቃል። ስለዚህ ‹ኦኻም› ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ሌላ ቃልም ይኖራቸው ይሆናል። ልክ ነህ ወይ ተሳስተሃል የምትልህ እሷ ብቻ ነበረች።»

«አንተ ብትደርስ ኖሮ ትመልስላት ነበር።»

ጁምዓ ራሱን አቀረቀረ። «መታመሟን ሰምቼ ወዲያው ነው የተነሳሁት። ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቀን ዳር ላይ አቆመኝ።»

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ተበተነ፤ ሰሌኑም ተጠቀለለ። ዐወድ የእናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ዘረጋ። ከቃሎቿ ሁሉ በታች፣ ራቅ አድርጎ «ኦኻም» ብሎ ጻፈ። ከአፏ አልሰማውምና ከፊቱ ነጥብ አኖረበት።

ሚስቱ ኢቲዳል ገብታ አጠገቡ ቆመች። «ምን የሚል ነው?»

«እዚህ ነኝ። እንደዚያ መሰለኝ።»

«አንብበው እስቲ።»

ዐወድ እናቱ ዓይኗን ተክላበት ወደነበረው በር ቀና አለ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሳይጠብቅ ወረቀቱን አጠፈው።