አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ

ባሌ የአውቶብስ ሹፌር ነው። ከከተማችን መሃል ተነስቶ ባሕር ዳርቻ ድረስ በሚሄደው መስመር ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ እየቆመ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። ያን ሁሉ ዓመት እናቱን ባሕር አላሳያቸውም።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲበረታ አገር ምድሩ ፎጣውን አንጠልጥሎ ወደ ባሕሩ ይነቅላል፤ የሚያመላልሰው ደግሞ እሱ ነው። ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ ይልና "ዛሬማ ባሕሩ ራሱ ቦታ አጥቶ ነበር" ይላል። አማቴ "ማሙሽ፣ እኔንስ መቼ ነው የምትወስደኝ?" ሲሉት መልሱ አንድ ነው። "ሰው ቀለል ሲል፣ እማ።" ማሙሽ የሚባለው ሰውዬ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አናቱ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር የለም። ሰው ቀለል ሲል ደግሞ ወይ ይበርዳል፣ ወይ ይዘንባል፣ ወይ ፈረቃው ይቀየራል።

ዘንድሮ የአማቴ ዓይን ከዳቸው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። የቀኙን ያየው ሐኪም ለሚቀጥለው ሳምንት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጣቸውና እኔን በር ላይ ጠርቶ "ሊሳካም ላይሳካም ይችላል" አለኝ፤ በሹክሹክታ። ሰምተው ኖሯል። ጆሯቸውማ ለጉድ ነው። ታክሲ ውስጥ "እንግዲህ እኔ ሰው ቀለል እስኪል አልጠብቅም" አሉ። ባሌ ይህን ስነግረው እራቱን ሳይነካ ተነሳ፤ በማግስቱ ለቅዳሜ ፈቃድ ጠየቀ።

ቅዳሜ! ያውም ሰው በሰው ላይ በሚረማመድበት ወቅት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነገር ሁሉ በልኩ ካልሆነ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። ጎህ ሲቀድ እንነሳለን፣ የትም ሳንቆም እንገሰግሳለን፣ ዳርቻው ሳይሞላ አማቴን ውሃው ዳር አስቀምጣቸዋለሁ። የወንድሜን መኪና ተዋስኩ። ታጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ውሃ፣ ሳንድዊች፣ ሁሉንም ጫንኩ። የረሳሁት ሹፌሩን ነበር።

ከቤት ወጥተን አምስት ደቂቃ ሳንሄድ ፍሬቻ አበራ፤ ቀስ ብሎ ወደ ፌርማታው ተጠጋና ቆመ። ስፖኪዮውን አየ።

"ምን ሆነ?" አልኩት።

"ምንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

ሁለተኛው ላይም ቆመ። ሦስተኛው ላይ አንድ ባለ ሻንጣ ሰውዬ የኋላውን በር ከፍቶ አማቴ አጠገብ ቁጭ አለ። "ተመስገን፣ አውቶብሱ ዛሬ የቀረ መስሎኝ ነበር" አለን፣ ዘና ብሎ። ምን ይባላል? ስድስተኛው ላይ "ወራጅ አለ" ብሎ ወረደ። ባሌ መልካም ቀን ተመኝቶ ሸኘው።

ትዕግስቴ አለቀ። "አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ሰዉ እኮ ቀድሞን ሊገባ ነው! ይሄ የወንድሜ መኪና ነው፣ አውቶብስ አይደለም!"

"እግሬ ነው የሚረግጠው፣ እኔ ምን ላድርግ!" አለ፣ እየተናገረም ሰባተኛው ላይ ቆመ።

"ተይው ልጄ" አሉ አማቴ። ቀኝ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈዋል። "ይቁም። ማሙሽ፣ ይቺ ስንተኛዋ ናት?"

"ሰባተኛ፣ እማ።"

"ያ ሰማያዊ በር ምንድን ነው?"

"ዳቦ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ትኩሱን ከዚህ ገዝቼ መሪ ላይ ሆኜ እበላለሁ።"

ከዚያ በኋላ በየፌርማታው ጥያቄ ሆነ። ስምንተኛው ላይ መኪና ገጭቶት የተጣመመ የመብራት ምሰሶ፣ አሥራ አንደኛው ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ አሥራ አራተኛው ላይ ጣሪያው የተበሳ መጠለያ። እሱ ይመልሳል፣ እሳቸው ደግመው ይሉታል። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቃጠላለሁ።

አሥራ ሰባተኛውን ስናልፍ የፈራሁት ደረሰ። ዓይን እስከሚያይ ድረስ መኪና ተገጥግጧል፤ ፍራሽ የጫነ፣ ጀልባ የጫነ፣ ብስክሌት የጫነ። ክላክሱ ጆሮ ያደነቁራል። ከታች የሚታየው ዳርቻ ጃንጥላ በጃንጥላ ሆኖ ውሃው የት እንዳለ እንኳ አይለይም። ልቤ ስብር አለ። እኚህ ሴትዮ የቀረቻቸውን አንድ ዓይን ይዘው መጥተው የሰው ጀርባ አይተው ሊመለሱ ነው።

አሥራ ስምንተኛው ላይ ባሌ እንደ ልማዱ ከሰልፉ ወጥቶ ቆመ። አንድ አግዳሚ ወንበርና ቁጥቋጦ፣ ሌላ ምንም የለም።

"እዚህ ደግሞ ማን ይወርዳል?" አልኩት።

"ማንም። ሰዓት ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ እቆምበታለሁ እንጂ ሰው ሲወርድበት አይቼ አላውቅም።"

አፉን ሳይዘጋ የኋላው በር ተከፈተ። አማቴ ወርደዋል።

"እማማ! ገና አልደረስንም!"

"እስቲ ዝም በሉ" አሉን፣ ጣታቸውን አንስተው። "ይሰማኛል።"

ከቁጥቋጦው ጀርባ በእርግጥም ውሃ ይሰማ ነበር። ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ይዘን በአንዲት ቀጭን መንገድ ቁልቁል ወረድን። ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ጠባብ አሸዋ፣ ጥቂት ድንጋይ፣ ከዚያ ባሕሩ እንዳለ ፊታችን። አንድ ሰው የለበትም።

ወንበሩን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀመጡም። ቆመው ብዙ አዩ። እኔ ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

"ኧረ ትልቅ ነው" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሃያ ሁለት ዓመት እዚች ጋ ስትቆም አንድ ቀን አልወረድክም?"

"ሁለት ደቂቃ ናት እኮ፣ እማ።"

"በል ጫማህን አውልቅና ግባ። እዚያ ጋ ቁም። ፊትህን ወደ እኔ አዙር።"

ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባና ፎቶ እንደሚነሳ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እማ፣ ባሕሩን እኮ ከለልኩብሽ።"

"ባሕሩ ምን ያደርግልኛል?" አሉት። "እኔ ማየት የፈለግሁት፣ በየጠዋቱ ከበር የምሸኝህ ልጅ የት እንደሚውል ነው። ዓይኔ ሳይዘጋ። ከእንግዲህ ቤት ተቀምጬ፣ አሁን ዳቦ ቤቱ ጋ ነው፣ አሁን ምሰሶው ጋ ደረሰ እያልኩ እከተልሃለሁ።"

ባሌ ጎንበስ ብሎ ፊቱን በባሕሩ ውሃ ታጠበ። ቀና ሲል ዓይኑን እያሸ "ጨው ገባብኝ" አለ። ማንም አልተከራከረውም።

ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልን። ሳንድዊቹን በላን፣ አማቴ እግራቸውን ነከሩ፣ ባሌ አሸዋው ላይ ተጋድሞ አንኮራፋ። እንደዚያ ቀን የጠገብኩት እረፍት የለም።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሆን ብለው። መኪናው በቆመ ቁጥር "የተበሳው መጠለያ"፣ "የጥርስ ሐኪሙ" ይላሉ፣ ባሌ "ልክ ነሽ" ይላል። ከምሰሶው በኋላ ግን አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘጋበትና እሱን ለማለፍ ሲታገል ሳይቆም ነዳ።

"ማሙሽ" አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ዳቦ ቤቱን ዘለልከው። አሁን ሸተተኝ እኮ።"

ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። ጠዋት ስለቆመ ያን ሁሉ የጮህኩበት እኔ ነኝ።

"ምን ታየኛለህ?" አልኩት። "ኋላ ማርሽ አስገባ።"