መሐል ላይ የቆመች ቀስት

አንጁሎ የሰው መኪና እንዲያይ ሲጠራ ኮፈን አያስከፍትም፤ ጎማም በእግሩ አይመታም። ጋቢና ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋና ቁልፉን አዙሮ በዳሽቦርዱ ላይ የተደረደሩትን ክብ ጌጆች ያያል፤ የነዳጁን፣ የዘይቱን፣ የባትሪውን፣ ከሁሉም አስበልጦ የሙቀቱን። ቀስቶቹ ከተኙበት ሲነሡ የትኛዋ ፈጥና፣ የትኛዋ እየተጎተተች እንደምትነሣ ለይቶ ያውቃል። በሶዶ መኪና የሚገዛ ሰው «አንጁሎ አይቶታል?» ተብሎ የሚጠየቀው ስለዚህ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ልማት ፕሮጀክት ሾፌር ሆኖ ከሁምቦ እስከ ሃላሌ ሲመላለስ ጎልምሶ ያረጀ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከፊቱ ያልተለዩት መንገዱና እነዚያ ቀስቶች ናቸው።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር መግባቱ ከቀረ ወዲህ ከተማውን የሞሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን አይወዳቸውም። ዳሽቦርዳቸው ባዶ ሜዳ ሆኖ መሐሉ ላይ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን ተተክሎበታል።

«ቁጥር ይነግርሃል እንጂ አያሳይህም» ይላል። «ቀስት ግን ስትሄድ ታያታለህ፤ ከየት ተነሥታ ወዴት እንደምታዘነብል ታያለህ። ዓይንህ መንገዱ ላይ ሆኖ እንኳ በጎን ትነግርሃለች።»

ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ በወዳጁ በአብዱሰመድ ሱቅ በራፍ ተቀምጦ ነው። አብዱሰመድ ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው ይህን ሱቅ ሲከፍቱ እርሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። አንዱ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሌላው ከመስጊድ የማይቀር ሰው ሲሆኑ፣ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አንተ እየተባባሉ፣ እየተሰዳደቡ ኖረዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን ሳይሆን ጌጅ ነው ያገባኸው» ይለዋል አብዱሰመድ።

«ቀስት አትዋሽማ።»

«እኔስ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

«አንተ ነጋዴ ነህ። አንተ ቤት ዘይት ሁሉ ትናንት የገባ ነው።»

አብዱሰመድ ለሁምቦ ገበያ ዕቃ የሚያመላልስበት መኪና የፈለገው፣ የአንጁሎ ልጅ አሮን ፒክአፑን ሊሸጥ በተነሣበት ሰሞን ነው። ፒክአፗ ቀድሞ የፕሮጀክቱ ነበረች። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አንጁሎ ገዛት፤ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው ለአሮን አስረከባት። አሮን በመሐል ከተማ የስልክ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ አለው። አዲስ አበባ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አስይዞ ስለ ነበር፣ ፒክአፗ ቶሎ ካልተሸጠች ያቺ መኪና ለሌላ ሰው ልትሰጥበት ነው። ሌሊትና ቀን የሚያወራው ስለ እርሷ ብቻ ሆነ።

«ልጅህ ይሽጥ፤ እኔ የምገዛው ግን ከአንተ ነው» አለ አብዱሰመድ። «ደህና ናት ካልከኝ መካኒክ አላስጠራም።»

ለሙከራ በወጡበት ጠዋት አሮን ቀድሞ ሞተሩን አሙቆ ጠበቃቸው። አብዱሰመድ እየነዳ፣ አንጁሎ አጠገቡ ተቀምጦ ወደ ሁምቦ ወረዱ፤ ከዚያም አቀበቱን ይዘው ወደ ሶዶ ተመለሱ። የሙቀቷ ቀስት ልክ መሐል ላይ ቆማለች።

አንጁሎ ይህችን መኪና እንደ ገዛ እስትንፋሱ ያውቃታል። በዚህ አቀበት፣ ሶዶ ከመግባቷ በፊት ባለው የመጨረሻ መታጠፊያ ላይ፣ ቀስቷ ሁልጊዜ የፀጉር ያህል ከፍ ትልና ሜዳው ላይ ተመልሳ ትወርዳለች። አዲስ ሆና ሳለችም እንዲሁ ነበረች። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጠበቃት። አልተንቀሳቀሰችም። አሮን ራዲያተሩን አሳጥቦት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ይህን ያሰበው ግን እውነት ስለ መሰለው አልነበረም። ማታ ማታ ልጁ የዚያችን አዲስ መኪና ፎቶ እያሳየው ፊቱ ሲበራ ያይ ስለ ነበር ነው።

«ምን ትላለህ?» አለ አብዱሰመድ።

«እያት» አለ አንጁሎ፣ ጣቱን ወደ ጌጁ ቀስሮ። «ይህን ሁሉ አቀበት ስትወጣ ንቅንቅ አላለችም። ደህና ናት።»

«ጨረስን» አለ አብዱሰመድ።

መኪናዋ ጥቂት ሳምንታት አገለገለች። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አብዱሰመድና ባለቤቱ ዛራ፣ ያልተሸጠውን ዕቃ ጭነው ከሁምቦ ሲመለሱ፣ ሞተሩ አቀበቱ ላይ አቅም አነሰው፤ ከኮፈኑ ሥርም ነጭ ጢስ የሚመስል ነገር ወጣ። ዛራ እስኪበርድ እንቆይ አለችው። አብዱሰመድ ጌጁን አየ፤ ቀስቷ መሐል ላይ ናት። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ትነግረን ነበር አላት። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ አዞረው። የፈላው ውኃ ፊቱን፣ አንገቱንና ቀኝ ክንዱን ላጠው። መንገደኞች አንሥተው ኦቶና ሆስፒታል አደረሱት።

አንጁሎ በዚያ ሳምንት ለጉባኤ ሃላሌ ሄዶ ነበር። ወሬውን የሰማው ተመልሶ ከመኪና ሲወርድ ነው። ወደ ሆስፒታል መሄድ ሲገባው በቀጥታ ፒክአፗ ወደ ተጎተተችበት ጋራዥ ሄደ። አንድ ነገር በድንገት ተበጥሶ፣ አንድ ቱቦ ፈንድቶ ይሆናል፤ ያን ይዤ ብገባ ይሻላል ብሎ ነው። ወዳጁ ቆዳው ተገፎ ተኝቶ ሳለ፣ እርሱ አስቀድሞ የፈለገው ለራሱ የሚሆን ምክንያት ነበር።

መካኒኩ ትግሉ ሞተሩን ፈታቶታል። የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ወርዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ጠብታ ውኃ የለም።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ይግቡና ቁልፉን ያዙሩት» አለው።

አንጁሎ ገብቶ አዞረ። የሙቀቷ ቀስት ብድግ አለችና መሐል ላይ ቆመች።

«ሬሳ ነው» አለ ትግሉ፣ «ትኩሳቱ ግን ደህና ነው።»

አንጁሎ ቁልፉን መለሰ። ቀስቷ ተኛች። እንደገና አዞረ። ብድግ ብላ ቆመች። ትግሉ ዳሽቦርዱን ነቅሎ የጌጁን ጀርባ አሳየው፤ ከሞተሩ የሚመጣው ሽቦ ተቆርጧል፣ በቦታውም የሩዝ ፍሬ የምታህል የኤሌክትሪክ ዕቃ ተበይዳለች።

«ቀስቷን መሐል ላይ አስሯታል። ሞተሩ ነዶ ቢያልቅም አትሰማም። ብየዳዋን ይዩልኝ፤ ምን ያህል ጥንቁቅ ናት። ይህ የእኛ የመካኒኮች እጅ አይደለም፤ የስልክ ሠሪ እጅ ነው።»

አንጁሎ ብየዳዋን አየ። የማን እጅ እንደ ሆነ ለማወቅ መነጽር አላስፈለገውም።

«አብዱሰመድ ያውቃል?»

«ወይዘሮ ዛራ ትናንት መጥተው፣ ልክ እንደ እርስዎ ቁልፉን አዙረው አይተዋል።»

ቤት ሲደርስ፣ አሮን ግቢ ውስጥ አዲሷ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ስክሪኑ ላይ የሞላውን የቻይና ጽሑፍ ሊያስቀይር እየነካካ ነበር። አንጁሎ በሩን ከፍቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የሙቀቷን ቀስት ያሰርካት አንተ ነህ?»

አሮን ጣቱን ከስክሪኑ አነሣ።

«አባዬ፣ አልፎ አልፎ ትሞቅ ነበር። ያን ያህልም አይደለም። ግን ቀስቷ ከፍ ስትል ገዢ ይደነግጣል።»

«ሰው እንዳይደነግጥ ብለህ ነው።»

«ፋብሪካዎቹስ ምን የሚያደርጉ መሰለህ? በስንቱ መኪና ላይ ሙቀቱ ወጣ ወረደ ቢልም ቀስቷ መሐል ላይ እንድትቆም አድርገው ነው የሚሠሩት፤ ሾፌሩ እንዳይጨነቅ። ዲዛይን ነው። ቀስት አትዋሽም ትላለህ፤ ዋሺ ስትባል ትዋሻለች።»

«ፋብሪካው ነገሩ ሲብስ ይለቃታል። አንተ አልለቀቅካትም።»

«ክዳኑንስ ክፈት ያልኩት እኔ ነኝ? በፈላ ሞተር ላይ ክዳን ይከፈታል?»

አንጁሎ ዞሮ የልጁን ፊት አየ። በዚያ ፊት ላይ ጸጸት ፈለገ፤ ብዙ ጠበቀ፤ አልመጣም።

«ልትነግረው ነው?» አለ አሮን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስልኩን አምኖ የሚሰጠኝ ሰው አይኖርም፤ ሱቄ ያበቃለታል። እኔን አትጥራኝ፤ አላወቅሁም ብቻ በል። እውነትህን ነው ደግሞ፤ አላወቅህም።»

አንጁሎ አላወቅሁም የምትለውን ቃል በአፉ ውስጥ ይዟት ከመኪናው ወረደ፤ እስከ ማግስቱ ድረስም ይዟት ቆየ።

ኦቶና ሲደርስ ዛራ በሩ ላይ አገኘችው። መንገድ አልከለከለችውም።

«ጢሱ ሲወጣ ቆይ ብዬው ነበር» አለችው። «‹አንጁሎ ያሳየኝ ጌጅ ነው› ብሎ ነው የወረደው።»

አብዱሰመድ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ክንዱ ትራስ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ከፋሻው በተረፈችው ዓይኑ አየው።

«መጣህ።»

«መጣሁ። ሃላሌ ነበርኩ።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ታውቅ ነበር?»

«አሮን ነው ያሰራት» አለ አንጁሎ። «እኔ ትናንት ነው ያወቅሁት።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ሐሰት የለበትም። ዛራም ከበሩ ላይ ትንፋሿን ለቀቀች፤ አብዱሰመድም እጁን ሊዘረጋ ያሰበ ይመስል ነበር። አንጁሎ ያን ግራ እጅ አየና ሊይዘው አልደፈረም።

«ግን የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ትላለች። ያን ቀን አላለችም። አይቻለሁ። አይቼ ነው ደህና ናት ያልኩህ።»

«ለምን?»

«ልጄ እንድትሸጥለት ፈልጎ ነበር።»

አብዱሰመድ ግራ እጁን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«አሮንን አልቀየመውም» አለ። «ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ዕቃውን ያሳምራል። ይህን ስለማውቅ ነው አንተን ይዤ የሄድኩት።»



ለማስታረቅ ሽማግሌዎች በነገሩ ገቡ። አብዱሰመድ አልከስም አለ፤ ምንም አልጠይቅም፣ ይቅር ብያለሁ ብሎ በሁሉም ፊት አሳረገ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ቅን ሰው አላየንም ብለው አመሰገኑት። ወሬው ግን ከተማውን አዳረሰ፤ የአሮንም ሱቅ ሰው አልባ ሆነ። አሮን አባቱን «በሰው ፊት አዋረድከኝ፤ ሸጥከኝ» አለውና ቤት ተከራይቶ ወጣ። ያቺ መኪናው የሞተር ድምፅ የሚባል የላትም፤ በአባቱ በር ፊት ስታልፍ አንጁሎ አይሰማትም። ጎረቤት ነው «ልጅህ አሁን አለፈ» የሚለው።

አብዱሰመድ ድኖ ሱቁ እንደ ተመለሰ ሲሰማ አንጁሎ ብዙ ቀን ወዲያ ወዲህ አለ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ልብሱን አጥቦ ለብሶ ሄደ። በራፉ ላይ ቆመ። አብዱሰመድ እንዳየው ከመቀመጫው ተነሣ፤ ወንበሩን በግራ እጁ አራገፈና ወደ ፊት ገፋለት።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ አንጁሎ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

አንጁሎ ከኋላው ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ዞሮ አየ። ማንም የለም።

«አብዱሰመድ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አወቅሁዎት እንጂ። ይቀመጡ፤ ቆመው አይድከሙ። ቤተሰብ ደህና ነው? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት?»

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ስላቅም አልነበረበትም። ለሽማግሌ ሰው የሚገባው አክብሮት አንድም ሳይጎድል ነበረበት። አንጁሎ ተቀመጠ። ደንበኛ ገብቶ ወጣ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ አብዱሰመድ።

አንጁሎ የሚገዛው ነገር አልነበረውም። ዙሪያውን አየና «ሳሙና» አለ።

አብዱሰመድ ሳሙናውን አወረደ። የቀኝ እጁ ጣቶች ገና አይዘረጉም፤ ቢሆንም ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ፣ በሁለት እጁ አቀረበለት። አንጁሎም ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለው።