ቢጫዋ ኪኒን

አውቶቡሱ ዳባት ኬላ ላይ ቆሞ ወታደሮች ሲፈትሹ፣ እማማ ደብሪቱ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድደው ያዙ። ሃያ አንድ ቢጫ ኪኒን ተቋጥሮበታል።

«እምዬ፣ መድኃኒቱ ዛሬም ያስመልሰኛል?» አለች የልጅ ልጃቸው ገበያነሽ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እጇ ሰበዝ አክሏል።

«አያስመልስሽም። እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል!»

የልጅቱን በሽታ የደም ካንሰር ነው ያላቸው ጎንደር ያለው ዶክተር ማዕረግ ነበር። አንድ መድኃኒት ብቻውን ስላልገታው፣ ሁለት አጣምሮ ሊሞክር አስፈረማቸው። «ነጯንና ቢጫዋን በየቀኑ አብረው ይስጧት። በሰጡ ቁጥር እዚህ ካርድ ላይ ምልክት ያድርጉ» አላቸው።

በመጀመሪያው ቀን ልጅቱ ስታስመልስ ዋለች፤ ድዷ ደማ። ኮሶ በጠጣ ሰው ላይ ሌላ መድኃኒት መጨመር ሬሳ ማውጣት መሆኑን እማማ ደብሪቱ ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ከማግስቱ ጀምሮ ነጯን ብቻ ሰጡ። ሐኪሙ ተቀይሞ ልጅቱን እንዳይተዋት ግን በካርዱ ላይ ለሁለቱም ምልክት አደረጉ።

ጎንደር ሲደርሱ፣ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ከደረስጌ የመጣች ሴት ሕፃን ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች። ካርዱን አየችና ሳቀች። «እርስዎማ ሐኪም ሆነው አረፉት! እኔም ዛሬ ልጄን ይህንኑ ሁለቱን መድኃኒት ላስጀምር ነው።»

ዶክተሩ የገበያነሽን ደም መርምሮ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«እማማ፣ እንደርስዎ ካርዱን በሥርዓት የሞላ ሰው አላየሁም። ግን በሽታው ብሶባታል። ጥምረቱ አልሠራም ማለት ነው። በረንዳ ላይ ላለችው እናት ሕፃንም አልጀምርም፤ ወደ አገሯ እሸኛታለሁ።»

እማማ ደብሪቱ በመስኮቱ ሴትዮዋን አዩ፤ ሕፃኑን እሹሩሩ ትላለች። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

ዶክተሩ ቆጠረ። «ነጯን ብቻ ነው የሰጧት?»

«ነጯን ብቻ። ሁለቱ ሆዷ ውስጥ ተጣልተው እንዳይገድሉብኝ ፈርቼ ነው። ቢጫዋን አሁን እዚሁ ፊትዎ ትዋጣት።»

ይቆጣል ብለው ጠበቁ። አልተቆጣም፤ ይህ የበለጠ አስፈራቸው።

«አብረው ያልኩዎት ለዚህ ነበር። በሽታው ነጯን ለምዷታል» አለ ዝግ ብሎ። «እንግዲህ ቢጫዋ ብቻዋን ምን ያህል እንደምትችል አላውቅም።» በሩን ከፍቶ የደረስጌዋን ሴት «ትንሽ ይጠብቁ፣ እንጀምራለን» አላት። ለገበያነሽም ውኃ ቀዳላት።

ልጅቱ ኪኒኗን ምላሷ ላይ አድርጋ አያቷን ቀና ብላ አየች።

«አያስመልሰኝም አይደል፣ እምዬ?»

እማማ ደብሪቱ ቋጠሮው የተፈታውን የነጠላ ጫፍ ከአገጯ ሥር ዘረጉላት።