ትራንስፎርመሩ ጉም ሲተነፍስ

በካራ ስለ ትራንስፎርመር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያናግረኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቢቆምም፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ያለው ከእናቴ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ማታ የማየው እሱን ነው። ጎኑ ላይ የተንጠለጠለች የመስታወት ጠርሙስ አለች። ውስጧ ያሉት ጨሌ የሚመስሉ ፍሬዎች ሰማያዊ ነበሩ፤ ክረምት ሲገባ ሮዝ ሆኑ። «አማረበት! አየሩን ለመደው ማለት ነው» ብዬ ለሰፈሩ ያወጅኩት እኔ ሰሚያ ነኝ።

እናቴ ሀውላ ግን ባየችው ቁጥር ትከሻዋን ትይዛለች። አምና ክረምት የድሮው ተቃጥሎ ሌላ እስኪመጣ የሊጥ ማሽኑ ቆመ፤ ሁሉንም በእጇ ስታቦካ ትከሻዋ ተበላሸ። ሐኪሙ «ሁለተኛ በእጅሽ እንዳታቦኪ» ብሏታል። ይሄኛውም ከተቃጠለ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል።

ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ቤቶቹን በዋጠበት ቀን፣ የመብራት ኃይል ጥገና ሠራተኛዋ እትዬ ክብረት ከመኪናቸው ዱብ አሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም።

«ይሄ ሮዝ የሆነው መቼ ነው?»

«ሰንብቷል። አላማረበትም?»

«ውኃ ጠግቦ ነው የሚያምረው! ትራንስፎርመር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሆዱ ውስጥ ያለው ዘይት ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ በዚህች ጠርሙስ በኩል መልሶ ይስባል። ፍሬዎቹ እርጥበቱን ይይዙለታል። ከጠገቡ ግን ጉሙ ቀጥ ብሎ ዘይቱ ውስጥ ነው። ያምናውን የገደለው ይሄው ነው።»

እናቴ ከበሩ ላይ «ይሄኛውስ?» አለች፣ ትከሻዋን ይዛ።

«ገና አልሞተም። አዲስ ፍሬ መጋዘን የለም፤ ይሄንኑ አድርቀን እንመልሳለን። ምድጃሽ ሙቀት አለው?»

በባሕር ዛፍ የሚነደው ምድጃችን የጠዋቱ ዳቦ ከወጣለት ብዙም ስላልቆየ ገና ትኩስ ነበር። እትዬ ክብረት መብራቱን አጥፍተው በመሰላል ወጡ። ሲሠሩ ማየት ነው! ጠርሙሷን ፈትተው ጉም እንዳይገባ ቀዳዳውን ወዲያው ደፈኑት። ፍሬዎቹን በቆርቆሮ ትሪ ዘርግተው «ከእንግዲህ ይሄን ትሪ ምግብ እንዳይነካው» ብለው ሰጡኝና ተመልሰው ወጡ። ሽቦው የሚገባባቸውን የሸክላ አንገቶች እንደ ሙሽራ ጥርስ እስኪያበሩ ወለወሏቸው። «እርጥብ አቧራ መብራቱን ወደ ውጭ ያሾልካል!» ሲሉ ከላይ ጮኹ። ቀጥለውም ዘይቱን ፈትሸው «ሀውላ፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው!» አሉ

እኔ ደግሞ ምድጃ ሊጠፋኝ? ዳቦ ስንጋግር እንዳይሰነጠቅ ሁሌም ከጎኑ ውኃ በድስት እናስገባለን። ትሪውን ከተትኩ፣ ድስቱን ከጎኑ፣ በሩን ግጥም።

እትዬ ክብረት ወርደው ሲከፍቱት እንፋሎቱ ፊታቸውን መታቸው። ፍሬዎቹ ከበፊቱ ይልቅ ሮዝ ሆነዋል።

«ምንድን ነው ይሄ ድስት?»

«እንዳይሰነጠቅ ብዬ...»

«እርጥበት እናውጣ ስል ታጠጪዋለሽ?»

«ኧረ ሰሚያ!» አለች እናቴ። «ምድጃውም እየበረደ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎኝ ይሄድ ነበር። እሳቸው ድስቱን አወጡ፣ ከጥግ ያለውን ፍም ቆስቁሰው አነቃቁት፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን ገርበብ አደረጉ። ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡና በረጅም እንጨት እንደ ሽምብራ ያገላብጡት ጀመር። አልተጣደፉም፣ አልተቆጡም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ዓይናቸው ከትሪው አልተነሳም። ድንገት ከዳር አንዷ ፍሬ ሰማያዊ ሆነች። ቀጥላ ጎረቤቷ። ከዚያ ሰማይ በትሪ! እንዲህ ያለ ሴት አይቼ አላውቅም፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ፍሬዎቹን ሞልተው ጠርሙሷን መልሰው አሰሩ፤ መብራቱን ለቀቁ። የሊጡ ማሽን ጉርርር አለ። እናቴ እጇን ማሽኑ ላይ አሳረፈች፤ ትከሻዋን ግን አልያዘችም።

እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «እትዬ ክብረት፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ዛሬ ምን ይሆኑ ነበር?» አልኳቸው።

ጓንታቸውን እያወለቁ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ምሳዬን በሰዓቱ እበላ ነበር» አሉኝ።