በአኙዋክኛ የተጻፈው ገጽ

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ በ1989 ዓ.ም. አዲስ ነገር ጀመረ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሰጠዋል፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ተገናኝተው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ሆዱን ስለሚበላው ሐሳብ ሁሉ ይነጋገራሉ። ስሙ «ተማሪ ለተማሪ» ተባለ። አምና ከገቡት ብዙዎቹ መንፈቁ ሳይጋመስ ጥለው ስለሄዱ መላ መፈለጉ ነው አሉ። ሙሚና እንድሪስ ግን ይህን ስትሰማ የመጣላት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ወሬ ሊለቅሙብን ነው።

እንዲህ በማሰቧ አይፈረድባትም። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ጥቂት ዓመቷ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፤ ሰዉ በየግምገማው «አንተ የማን ነህ፣ በደርግ ጊዜ የት ነበርክ» እየተባባለ የሚፈላለግበት ወቅት ነው። የሙሚና ቤተሰብ ደግሞ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ አጠገብ ከሰፈሩት ናቸው። አባቷ እንድሪስ የመንደሩ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ሦስት ወር ታስረው ተፈቱ። ልጃቸውን ወደ ኮሌጅ ሲሸኙ የመከሯት ምክር አጭር ነበር።

«ስለ እኔ የሚጠይቅሽ ከመጣ፣ የለም በይ።»

ለሙሚና የደረሰቻት አጅዋንግ የምትባል አኙዋክ ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ። ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀይ ሽፋን ያለው ደብተር ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ባለፈው ሳምንት ምን ከበደሽ?» አለቻት።

«ምንም።»

«ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ።»

«አገርሽ የት ነው?»

«ቡሬ» አለች ሙሚና። ውሸቷን ነበር።

«አባት አለ?»

«ሞቷል።»

በልቧ «አስተግፍሩላህ» አለች። አጅዋንግ ቀና ብላ ትንሽ አየቻትና ጻፈች። ሙሚና አንገቷን ሰገግ አድርጋ ብታይ ጽሑፉ በላቲን ፊደል የተጻፈ አኙዋክኛ ነው። አንድም ቃል አልገባትም።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጭንቅ ሆነባት። አጅዋንግ ሒሳብ ስታስጠናት እንኳ መልሱን አትነግራትም። «አንቺ ምን ይመስልሻል? ከየት ጀመርሽ? ለምን እዚህ ቆምሽ?» እያለች ትጠይቃለች እንጂ። ለሙሚና ይህ አጠያየቅ የመርማሪ እንጂ የተማሪ አልመስል አላት። የሚገርመው ግን ሒሳቡ እየገባት ሄደ፤ እሱንም ቢሆን እኔን ለማባበል ያደረገችው ነው ብላ ተረጎመችው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ አባቷ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ አንድ ኩንታል ያልሞላ በቆሎ ይዘው ኮሌጁ በር ላይ ከች አሉ። ሙሚና ክንዳቸውን ይዛ በአጥሩ ጥግ ወሰደቻቸው።

«አባዬ፣ ሳትነግረኝ ለምን መጣህ?»

«ናፈቅሽኛ፣ ሙሚዬ። ምን ሆነሻል? ከስተሻል።»

ዘወር ስትል አጅዋንግ የውሃ ጀሪካን ይዛ ከዘበኛው ጎን ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አጅዋንግ መንገዷን ቀጠለች።

የሚቀጥለው ረቡዕ አጅዋንግ ስለ ቅዳሜው እንግዳ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያለወትሮዋ ግን ብዙ ጻፈች። ሙሚናን ይህ ዝምታ ከጥያቄው ይልቅ አስፈራት። በማግሥቱ ደግሞ አጅዋንግ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከሬጅስትራሩ ከአቶ ይግዛው ቢሮ ስትወጣ አየቻት። አቶ ይግዛው የግምገማ ኮሚቴ አባል መሆናቸውን የማያውቅ የለም።

ሳምንት ቆይቶ አጅዋንግ ማንጎው ሥር ደብተሯን ትታ ውሃ ልትጠጣ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሙሚና ገለጠችው። ስሟን አገኘች። ከስሟ ቀጥሎ «አቦቦ» የሚል አነበበች። እሷ ግን ቡሬ ብላ ነበር የነገረቻት! ስሟ ያለበትን አራት መስመር ፊደል በፊደል በራሷ ደብተር ጀርባ ላይ ገለበጠች። አጅዋንግ ስትመለስ የሒሳብ ጥያቄ የምትሠራ መሰለች።

የገለበጠችበትን ቅጠል ቀድዳ ይዛ የሄደችው ሬቤካ ዘንድ ነው። ሬቤካ በኮሌጁ ማባዣ ክፍል ፈተና የምትተይብ አኙዋክ ናት፤ ሳቂታ፣ ልቧ ክፍት።

«ከየት አመጣሽው?»

«መንገድ ላይ አገኘሁት። ምን ይላል?»

ሬቤካ ጣቷን ከመስመሩ በታች እየጎተተች ተረጎመችላት።

«‹የሙሚና አባት አልሞተም። ቅዳሜ ከአቦቦ መጣ፤ ለዘበኛው ሲናገር ሰማሁ። ከደበቀችው ምክንያት አላት። አልጠይቃትም፤ ስትፈልግ ትነግረኛለች። እሷ እስክትናገር ይህ ለማንም አይነገርም።›» ሬቤካ ሳቀች። «ወይ አንቺ፣ አባትሽን በቁማቸው ቀበርሻቸው?»

ሙሚና መሳቅ አቃታት። ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። እፎይታና ኀፍረት ተቀላቅለውባት ማደሪያዋ ገብታ ተኛች። ሬቤካን «ለማንም እንዳትነግሪ» ማለት እንዳለባት ትዝ ያላት ጧት ነው። ያኔ ነገሩ አምልጧል። ሬቤካ ክፋት አስባ አልነበረም፤ ምሳ ላይ እንደ ቀልድ አወራችው፤ ቀልዱ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ አቶ ይግዛው ጆሮ ገባ።

አቶ ይግዛው ቀድሞም ደብተሩን ጠይቀው ነበር። አጅዋንግ «የጥናት ሰዓት ብቻ ነው ያለበት» ብላ መልሳቸዋለች። አሁን ጠሯትና ገጽ በገጽ ወደ አማርኛ እንድትመልሰው አዘዟት። እምቢ አለች። ያን ቀን ከ«ተማሪ ለተማሪ» ተሰረዘች፤ ስትመረቅ ከተማ ውስጥ እንድታስተምር ይጻፍላት የነበረው የድጋፍ ደብዳቤም ቀረ።

ቀጥሎ ሙሚና ተጠራች።

«አባትሽ ማን ነው?» አሉ አቶ ይግዛው፣ እስክሪብቶ እንደያዙ።

ሙሚና የተዘጋጀችበት ውሸት ነበራት። ግን አጅዋንግ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ እምቢ ማለቷ ታሰባት።

«እንድሪስ ይባላል። አቦቦ ነው ያለው። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ሦስት ወር ታስሮ የሚከሰው ጠፍቶ ተፈታ። መፈታቱን የሚገልጽ ወረቀት አለው፤ ከፈለጉ ላምጣ።»

ሰውዬው ጻፉ። «ሂጂ» አሏት። ሳምንት ጠበቀች፣ ወር ጠበቀች፤ አንድም ነገር አልመጣም። ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ነገር በሁለት መስመር አለቀ። ዋጋውን የከፈለችው ሌላ ሰው ናት።

አጅዋንግን ባሮ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘቻት። ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ ተገልጧል።

«ደብተሩን ቀድጄ ለውሃው ሰጠሁት» አለች አጅዋንግ ቀና ሳትል። «ሬቤካ ናት ያወራችው ይላሉ። ሬቤካ ግን ደብተሬን አይታ አታውቅም።»

ሙሚና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እኔ ነኝ የገለበጥሁት። አስነበብኳት።»

አጅዋንግ ልብሱን ጨምቃ ጨምቃ፣ ጠብታ ከጠፋ በኋላም ጨመቀችው።

«ለምን እኔን አልጠየቅሽም? አነብልሽ ነበር።»

«ፈራሁሽ። ከቢሮው ስትወጪ አይቼ…»

«ደብተሩን አትሰጪም ወይ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የወጣሁት። በአኙዋክኛ የጻፍኩት ለምን ይመስልሻል? እሱ እንዳያነብ ነው።» ልብሱን ድንጋዩ ላይ አሰጣችው። «እኔም ፈርቼሽ ነበር። አባትሽ ከአቦቦ እንደመጡ ስሰማ የሰፋሪ ልጅ መሆንሽ ገባኝ፤ ቤት ስናገር አልወደዱትም። የእናንተ ሰዎች ከሚያርሱት የአያቴ መሬት አለበት።»

«ታዲያ ለምን አልተውሽኝም?»

«ሒሳብ አትችዪማ።»

ሙሚና ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ የአጅዋንግ ፊት ግን አልተፈታም። ይቅርታ ስትጠይቃትም «እሺ» ብቻ አለች። «እሺ» ማለት ይቅር ማለት ይሁን አይሁን ሙሚና አላወቀችም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሙሚና ከማንጎው ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ከሒሳቡ ጋር ስትታገል አጅዋንግ መጣች። ስሟ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ የሚያስገድዳት የለም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ እንቅልፍም ስለ ቤተሰብም አልጠየቀችም።

«ከየት ጀመርሽ?» ብቻ አለች።

እስከ ሰኔ እንዲሁ ቀጠሉ። ሙሚና ፈተናውን አለፈች፤ ከክፍሏ ስድስት ተማሪ ሲወድቅ እሷ ተረፈች። አጅዋንግ በመስከረም ከከተማው የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ ትምህርት ቤት ተመደበች። ሙሚና ልትሸኛት መኪና መናኸሪያው ሄደች። አጅዋንግ ዕቃዋን ጭና፣ እጇን ዘርግታ፣ እንግዳ እንደሚሰናበት ጨበጠቻት። ከዚያ መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ወደ ታች አጎንብሳ፣

«አባትሽ ደኅና ናቸው?» አለቻት።

«ደኅና ነው» አለች ሙሚና፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ። «አቦቦ ነው። በቆሎው ደርሶለታል።»

አጅዋንግ ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ተነሣ።