ዝም ያለው አድራሻ

ገመዴ ብለው ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ ጥበቃዎች ናቸው። ትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ የኔትወርክ ገመድ ሳታንጠለጥል በበሩ ገብታ ስለማታውቅ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ሥራዋ የሆስፒታሉን ማሽኖች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ማሽኖች እንዲነጋገሩ ታዲያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አድራሻ፣ ማለትም የራሳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ለአንዱ የተላከው ወደ ሌላው ይሄድና ነገር ዓለሙ ይመሰቃቀላል።

ደህና ቦታ ቢሆን ቁጥሩን የሚያድል ሰርቨር ይኖር ነበር። እዚህ ግን ሰርቨሩ ከተበላሸ ሰነባብቷል፤ ይገዛል ይገዛል ሲባል ከርሞ ጭራሽ ተረሳ። እናም እነገመዴ በእጅ ማደል ለመዱ። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ቁጥር ትመርጫለሽ፣ ከኮምፒውተርሽ ሆነሽ «አለህ ወይ?» የምትል አጭር ጥሪ ትልኪበታለሽ። መልስ ከመጣ ባለቤት አለው፤ ዝም ካለ ባዶ ነው። ዝም ያለ ሁሉ ባዶ ነው ብሎ የነገራቸው ማን እንደሆነ እንጃ። ብቻ እንደዚያ ሲሠሩ ኖሩ፤ ምንም ሆኖ አያውቅማ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እንግዳ አለብኝ፣ የስብሰባ አዳራሹ ቴሌቪዥን አሁኑኑ ይገጠምልኝ ብሎ ቁም ስቅሏን አሳያት። ገመዴ ቁጥር መረጠች፣ ጠራችው፣ ዝም አላት። ለቴሌቪዥኑ ሰጠችው። ምስሉ ቦግ ሲል ሰውየው «እጅሽ ይባረክ» አላት፤ እሷም ግልግል ብላ ወጣች።

ልቧማ ድሮም እዚያ አልነበረም። ታናሽ እህቷ ያለጊዜው የተወለደ ልጇን ይዛ እዚያው ሆስፒታል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ናት። ልጁ ገና ስም አልወጣለትም፤ ጡረታ የደረሱት ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏቸው፣ «ጎበዙ» ይሉታል። የጎበዙ ችግር ትንፋሹ ነው። እንደሱ ተቻኩለው የሚመጡ ሕፃናት አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። ያን ጊዜ አንድ ሰው እግራቸውን ነካ ነካ ቢያደርጋቸው ያስታውሳሉ። ካልተደረሰላቸው ግን፣ አይበለውና፣ በዚያው ይቀራሉ።

ሕፃናቱ የተኙት ሙቀቱ እንዳይወጣ በወፍራም መስታወት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። የየአልጋው ማሽን የልባቸውንና የትንፋሻቸውን ቁጥር ለአንዲት ሳጥን ያቀብላል፤ ሳጥኗ ደግሞ ውጭ ሲስተር ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ስክሪን ትልካለች። አንዱ ሲታወክ ስክሪኑ ይጮሃል። ሲስተርም ለወተቱም ለመድኃኒቱም ብቻቸውን ስለሚራወጡ ጆሯቸውን የጣሉት እሱ ላይ ነው።

ገመዴ ከምሳ በኋላ ጎራ ስትል እህቷ መስታወቱን ተደግፋ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል። ሲስተር መርፌ ያዘጋጃሉ።

«መጣሽልኝ የኔ እናት» አሉ። «ዛሬ ይሄ ኔትወርካችሁ ምን ነክቶታል? ጠዋት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሶኬት ሲቀይር ያችን ሳጥን አጥፍቷት ነበር። ከበራች ወዲህ ልግመኛ ሆናለች፤ ቁጥሩን እየዘገየች ነው የምትልከው።»

ገመዴ ቀልድ ልትመልስ አፏን ከፍታ ተወችው። ጠዋት ጠፍታ ነበር። ጠዋት እሷ ስትጣራ ዝም ያለው ቁጥር ባለቤት ነበረው፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው እንጂ።

ስክሪኑን አየችው። የጎበዙ ልብ በአረንጓዴ ተጽፏል፣ ደህና ቁጥር ነው። ጠበቀች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የሕያው ሰው ልብ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ እንዲህ ቀጥ አይልም። የጎረቤቱም ቆሟል። የሁሉም ቆሟል። የስክሪኑ ያረጀ ፕሮግራም መልእክት ሲቋረጥበት ባዶ መሆን አያውቅም፤ የመጨረሻውን ቁጥር ታቅፎ ይቀመጣል። የሕፃናቱ ወሬ አዳራሽ ውስጥ ለተሰቀለ ቴሌቪዥን እየሄደ ነው።

«ሲስተር፣ ልጆቹን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ይኸው እያየኋቸው አይደል» አሉ፣ ወደ ስክሪኑ በአገጫቸው እያሳዩ።

ገመዴ ጣቷን ወደ መስታወቱ ቀሰረች። ሲስተር ፊቷን አዩት፣ መርፌውን ጣል አድርገው ምንም ሳይጠይቁ በሩን ከፈቱ። ያን ጊዜ ድምፁ ወጣ፤ የጎበዙ ማሽን ውስጥ ለውስጥ ሲጮህ ቆይቷል፣ መስታወቱ አፍኖት ነው። እህቷ ብንን ብላ ተነሣች። ገመዴ የልጁን ከንፈር አየችው፤ ጠቁሯል። ደረቱ አይንቀሳቀስም። ሲስተር እግሩን ነካኩት፣ ጀርባውን አሹት። ምንም የለም።

መቆም አትችልም። ሌሎቹም ሕፃናት ስክሪን አልባ ናቸው፣ ሲስተር ደግሞ ያላቸው ሁለት እጅ ነው። ልጁ ይትረፍ አይትረፍ ሳታይ ጀርባዋን ሰጥታ ሮጠች። ኮሪደሩ አላልቅ አላት። ከኋላዋ ለቅሶ የሰማች እየመሰላት ትደነብራለች። ሰው ገፍትራለች፤ ማን እንደሆነም አላየችም።

አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶቹ እያስረዳ ነበር። ገመዴ በመሃላቸው አልፋ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ላይ መነጨቀችው። «ምን እያደረግሽ ነው?» ሲላት ዘወር ብላም አላየችው። ተመልሳ ወጣች።

የመልሱ መንገድ ባሰ። ስትሄድ ያስሮጣት የነበረው ፍርሃት አሁን እግሯን ያዛት። ገብታ የምታየውን ፈራች። በሩ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ውስጥ ሲስተር ትንሿን የአየር ጭምብል ከጎበዙ አፍ ላይ ሲያነሡ ልጁ ፊቱን ጨማደደና አለቀሰ።

እህቷ መጥታ ተጠመጠመችባት። «ሲስተር ነገሩኝ። አንቺ ባታይ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። እትዬ፣ ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ» አለችና እጇን ይዛ ሳመችው። ደግማ ሳመችው፤ አልለቅም አለች።

ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ማንም አያውቅም። ገመዱ ተነቅሏል፣ ልጁ ተርፏል፣ ዝም ብትል ዝም ነው። ገመዴም ዝም ልትል ወስና ነበር። ግን አንድ ጥያቄ መጣባት። በዚህ ዘዴ ቁጥር ስትሰጥ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው እንዴ? በቀዶ ሕክምናው፣ በድንገተኛው፣ በየክፍሉ ጠርታ ዝም ያላት ሁሉ በእርግጥ ባዶ ነበር? ወይስ ለጽዳት ተነቅሎ፣ ለጥገና ተከፍቶ፣ ነገ ሲበራ ቦታው ተይዞ የሚያገኘው አለ? አሁን በዚህ ሰዓት የቆመ ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ የሚያይ ነርስ የለም ወይ? ስንቱን እንደሰጠች አታስታውስም። ወደ ሲስተር ዞረች።

«ሲስተር» አለች። «ለሁሉም ክፍል ይደውሉልኝ። እኔ እስክፈትሽ ድረስ ስክሪን እንዳያምኑ። በሽተኞቻቸውን ሄደው በዓይናቸው ይዩ።»

«ለምን ሲሉኝ ምን ልበል?» አሉ ሲስተር፣ ስልኩን እያነሡ።

«የዚህችን ሳጥን ቁጥር ለቴሌቪዥን ሰጥቼባችሁ ነው። የልጆቹን ወሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላም ቦታ አድርጌው ይሆናል።»

እህቷ መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። ስክሪኑን አየች፣ ገመዴን አየች። ከዚያ የያዘችውን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ሄዳ በገመዴና በመስታወቱ መካከል ቆመች።