ያለ ዘመድ ማን ነዎት?

በሞክፖ ወደብ ገበያ ደረቅ ዓሣ የሚሸጡትን ማልሱክን በስማቸው የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁሉም «የቦም እናት» ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ዳሶም የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጥታ፣ ሰዎች ራሳቸውን በዝምድናቸው ምን ያህል እንደሚገልጹ እንደምታጠና ነግራቸው አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ማን ነዎት?» አለቻቸው።

«የቦም እናት ነኛ! የሊም ቤት ትልቋ ምራት፣ የሟቹ ሚስት...»

«አሁን ደግሞ ዘመድ ሳይጠሩ ይንገሩኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ከሰማይ ዱብ ያልኩ መሰልኩሽ?» ብለው ሳቁ። ዳሶም ግን እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ሳቃቸው ከሰመ፤ ዓሣውን አገላበጡ።

በመጨረሻ «ከድስቱ ሥር የሚያርረውን ሩዝ እወዳለሁ» አሉ። ልጅቷ ደስ ብሏት መዘገበች።

እሷ ከሄደች በኋላ ግን ማልሱክ ግራ ገባቸው። ነጩን ሩዝ ለባላቸውና ለልጃቸው ሲያወጡ ኖረው፣ ለእሳቸው የሚተርፈው ያረረው ብቻ ነበር። ታዲያ ወደውት ነው ወይስ ለምደውት?

ማታ ለብቻቸው ሩዝ ቀቀሉ። ከላዩ ይጭለፉ ወይስ ከሥሩ ይፋቁ መወሰን አቅቷቸው፣ ማንኪያቸውን እንደያዙ ድስቱ አጠገብ ቆመው ቀሩ።